ሙታን «አስቡን» የሚሉበት ተራራ፦ የዳንቴ «ፑርጋቶሪዮ»፣ ያገለገለ የተማሪ እትም

እሑድ እሑድ ሮም ውስጥ ፖርታ ፖርቴዜ የሚባል የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ከጫማው፣ ከድሮ ሬዲዮውና ከቡና ማፍያው መሀል መጽሐፍ የሚደረድሩ ሰዎች አይጠፉም። ይህን መጽሐፍ የገዛሁት ከነሱ ነው። ሻጩ 8 ዩሮ አለኝ። የጀርባው ሙጫ መላቀቁን ሳሳየው በ6 ሰጠኝ።

መጽሐፉ የጣሊያናዊው ባለቅኔ የዳንቴ አሊጊዬሪ «ፑርጋቶሪዮ» ነው፤ ስለ ሲኦል፣ ነፍሳት ስለሚነጹበት ተራራና ስለ ገነት ከጻፋቸው ሦስት የግጥም መጻሕፍት መሀለኛው። የጣሊያን ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ የሚማሩበት ዓይነት እትም። ከላይ ጥቂት የግጥም መስመር፣ ከሥሩ ገጹን የሞላ ማብራሪያ በደቃቅ ፊደል። የቀድሞ ባለቤቱ ተማሪ ሳይሆን አይቀርም፤ ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ፈተና ላይ ይመጣል» እያለ ጽፎበታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ምልክት ከረጅሙ መግቢያ የበለጠ ጠቅሞኛል። የተጻፈባቸው ቦታዎች ሁሉ ደህና ደህናዎቹ ናቸው።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው አይደለሁም። አረጋውያን እየጠበቅኩ ነው የምኖረው። አሁን የምጠብቃቸው ሲኞራ ዓይናቸው ደክሟል፤ በልጅነታቸው በቃላቸው ያጠኑትን ግን ዛሬም አልረሱም። ማታ ከእራት በኋላ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ያርሙኛል። አንዳንዴ መስመሩን ሳልጨርስ ቀድመውኝ ይጨርሱታል።

ዳንቴ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሲኦሉን ነው። ሥቃይ ይሸጣል። ሦስተኛው መጽሐፍ ገነት ነው፤ ብርሃንና ነገረ መለኮት የሞላበት። መሀለኛው ተረስቷል። እኔ ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጪ ብባል መሀለኛውን እመርጣለሁ። በሲኦል ያሉት ሙታን ታሪካቸውን ያወራሉ እንጂ ተስፋ የላቸውም። በገነት ያሉት ምንም የጎደለባቸው የለም። እዚህ ተራራ ላይ ያሉት ግን ከእኛ ከቋሚዎቹ የሚፈልጉት ነገር አለ፤ ደግሞም አፍ አውጥተው ይጠይቃሉ። ሰው አገር ሆኖ ዘመድ የሞተበት ሰው ይህን መጽሐፍ ቢያነብ አይቆጨውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዳንቴ በ1265 ፍሎረንስ ተወለደ፣ በ1302 ከከተማው ተባረረ፣ በ1321 ራቬና ላይ አገሩን ሳያይ ሞተ። ይህን ሁሉ የጻፈው በስደት ነው። ታሪኩ የሚሆነው በ1300 በፋሲካ ሰሞን ነው። ዳንቴ በቁሙ ሲኦልን አቋርጦ እሑድ ማለዳ አንድ ባሕር ዳርቻ ላይ ይወጣል። የሚመራው ቨርጂል የተባለው የጥንት ሮማዊ ባለቅኔ ነው። ፊት ለፊታቸው በውቅያኖስ የተከበበ ትልቅ ተራራ ቆሟል፤ ከኢየሩሳሌም ትይዩ፣ በምድር ማዶ። ነፍሳቱ መልአክ በሚነዳው ጀልባ ይመጣሉ። ሲመጡ የሚዘምሩት «እስራኤል ከግብፅ በወጣ ጊዜ» የሚለውን ነው፤ በግእዙ ዳዊት 113ኛው መዝሙር። አባቴ ዳዊት ሲደግም ከአልጋዬ ሆኜ እሰማው የነበረውን መዝሙር ዳንቴ ለሙታን ሰጥቷቸው ሳገኘው ደስ አለኝ።

ተራራው ላይ ሰባት እርከን አለ፤ ለሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶች አንድ አንድ። ከእርከኖቹ በታች ደግሞ ገና በሩ ያልተከፈተላቸው ሰዎች ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ንስሐን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ያዘገዩ፣ ተወግዘው የሞቱ፣ በድንገት የተገደሉ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን የመጠበቂያውን ክፍል ነው። ስለዚህ ብዙ የምለው ስለሱ ነው።

ሦስተኛው ካንቶ (የግጥሙ ምዕራፍ ማለት ነው) ላይ ማንፍሬድ ይመጣል። የሲሲሊ ንጉሥ ነበር፤ በ1266 ቤኔቬንቶ ላይ በጦርነት ሞተ። የሮም ቤተ ክርስቲያን አውግዛው ነበር። ወታደሮች መቃብሩ ላይ ድንጋይ ከምረውለት ነበር፤ ጳጳሱ ግን አጥንቱ ከዚያ ወጥቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከግዛቱ ውጪ ወንዝ ዳር እንዲጣል አደረጉ። ዝናብ ይመታዋል፣ ነፋስ ይገፋዋል ይላል ራሱ። ይህን ሲናገር ግን አያማርርም። ቅንድቡ ላይ የተሰነጠቀበትን፣ ደረቱ ላይ የተወጋበትን አሳይቶ ፈገግ ይላል። «ኃጢአቴ ዘግናኝ ነበር፤ የማያልቀው ቸርነት ግን ክንዱ ሰፊ ነው፣ ወደ እሱ የዞረውን ሁሉ ይቀበላል» ይላል። ሲኞራ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይቀድሙኛል።

ማንፍሬድ ከዚያ ሒሳቡን ያወራል። ተወግዞ የሞተ ሰው፣ በእምቢታው በቆየበት ዘመን ሠላሳ እጥፍ ከበሩ ውጪ ይጠብቃል። ግን በምድር ያሉ ሰዎች ከጸለዩለት ያጥርለታል። ስለዚህ ዳንቴን የሚለምነው አንድ ነገር ነው፦ ልጄ ኮስታንዛን ስታገኛት እንዴት እንዳየኸኝ ንገራት። ንጉሥ ነው። ዙፋኔን አስመልሱልኝ አላለም። ልጄ ትጸልይልኝ ነው ያለው።

አምስተኛው ካንቶ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። ቡዎንኮንቴ የሚባል የጦር አለቃ አለ። በ1289 ካምፓልዲኖ ላይ ሞተ፤ ሬሳው ግን አልተገኘም። ዳንቴ ራሱ በዚያ ጦርነት ከተቃራኒው ወገን ተሰልፎ ነበር፤ ስለዚህ «የት ደረስክ?» ብሎ ሲጠይቀው ዝም ብሎ የባለቅኔ ጥያቄ አይደለም። ቡዎንኮንቴ ይነግረዋል። ጉሮሮው ተወግቶ፣ ሜዳውን እያደማ በእግሩ ሸሸ። ሁለት ወንዞች የሚገናኙበት ጋ ሲደርስ ዓይኑ ጠፋ፤ የማርያምን ስም እየጠራ ወደቀ። እጆቹን ደረቱ ላይ አመሳቀለ። መልአክ መጥቶ ነፍሱን ወሰደ። ያኔ ሰይጣን ጮኸ፦ ለአንዲት ትንሽ እንባ ብለህ ትነጥቀኛለህ! በንዴት ዝናብና ጎርፍ አስነስቶ ሬሳውን ወንዝ ውስጥ ጨመረው። ጎርፉ የተመሳቀሉትን እጆች ፈታቸው፣ ሬሳውን በአሸዋና በጠጠር ሸፈነው። በቃ። ጓደኞቹ ያጡት ለዚህ ነው።

ይህን ካንቶ ያነበብኩ ማታ በላዔ ሰብእን ማሰቤ አልቀረም። ልጅ ሆነን የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ የሰማነው ያ ታሪክ። 78 ሰው የበላ ሰው፤ አንድ በውኃ ጥም የሚሠቃይ ለምጻም «ስለ ማርያም» ብሎ ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ሚዛን ላይ ወጣ። ያቺ ጥርኝ ውኃ ሁሉንም አነሣችው። ለሲኞራ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «የእናንተው ከኛው ይብሳል፤ ቡዎንኮንቴ ቢያንስ ሰው አልበላም» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን።

በዚያው ካንቶ መጨረሻ ላይ ፒያ የምትባል ሴት አለች። ሰባት መስመር ብቻ ነው የተሰጣት። ሲዬና ወለደችኝ፣ ማሬማ አጠፋችኝ ትላለች፤ ማብራሪያው ባሏ ሳያስገድላት እንዳልቀረ ይናገራል። እኔን የገረመኝ ግን አጠያየቋ ነው። ሌሎቹ ዳንቴን ከበው ይጣደፋሉ፤ እሷ «ወደ ዓለም ተመልሰህ፣ ከረጅሙ መንገድህ ካረፍክ በኋላ አስበኝ» ነው ያለችው። መጀመሪያ ይረፍ። ሞታ እንኳ የሌላውን ድካም ታስባለች። እንዲህ ያሉ እናቶችን የምናውቅ ሰዎች ነን።

እናቴ ስታርፍ የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም። ለአርባዋ ብር ላክሁ። ድንኳኑን፣ ካህናቱን፣ ድግሱን በቪዲዮ አየሁ። የጠላው ጋን ይታየኛል፤ መቃብሯ ግን አይታየኝም። ሰው «ገንዘብሽን ከምትጨርሺ» ይለኛል። የማንፍሬድን ልመና ካነበብኩ ወዲህ ለሰማንያዋ የላክሁትን አንድም ቀን አልቆጨኝም።

ከበሩ ሥር ካሉት መሀል አንድ የሚያስቅ ሰውም አለ። ቤላኩዋ ይባላል። ድንጋይ ጥላ ሥር ጉልበቱን አቅፎ፣ ፊቱን ጉልበቱ መሀል ቀብሮ ተቀምጧል። ዳንቴ ተራራው ስንት ይቀረዋል ብሎ ሲጨነቅ፣ እሱ ቀና እንኳ ሳይል «አንተ ጎበዝ ነህ፣ ውጣ» ይለዋል። ንስሐውን ስላዘገየ በምድር የኖረውን ዕድሜ ያህል ውጪ መጠበቅ አለበት። ሲጠብቅም ያው ሰነፍ ነው። የኛ ሰፈር ልጅ ይመስላል።

ከዚያ በሩ ይመጣል። ሦስት ደረጃ አለው፦ አንዱ ፊት የሚያሳይ ነጭ ዕብነ በረድ፣ አንዱ የተቃጠለና የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ፣ አንዱ እንደ ደም የቀላ። ማብራሪያው ከልብ ከመጸጸት፣ ከመናዘዝና ከካሳ ጋር ያያይዛቸዋል። በረኛው መልአክ በሰይፉ ጫፍ ዳንቴ ግንባር ላይ ሰባት ምልክት ይጽፍበታል። በየእርከኑ አንድ አንዱ ይጠፋለታል። ሲጠፋለት ይቀልለዋል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መንገዱ ይቀልለታል እንጂ አይከብደውም። የነፍስ አባት ቀኖና ሰጥቶት፣ ስግደቱን ጨርሶ የተነሣ ሰው ይህን ያውቀዋል።

እርከኖቹን ሁሉ አልዘረዝርም። ትዕቢተኞቹ ድንጋይ ተሸክመው ጎብጠዋል። ቁጡዎቹ ጭስ ውስጥ ናቸው። ሰነፎቹ ይሮጣሉ። ገንዘብ ወዳዶቹ መሬት ላይ በፊታቸው ተደፍተዋል፤ ከመሀላቸው አንድ የሮም ጳጳስ፣ አድሪያን አምስተኛ፣ አለ። ከሁሉ የቀረብኝ ግን የምቀኞቹ ነው። ማቅ ለብሰው፣ ገደል ተደግፈው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ተንተርሶ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በሽቦ ተሰፍቷል። እንባው በስፌቱ መሀል ይወጣል። ዳንቴ ራሱ በበዓል ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀመጡ ዓይነ ስውር ለማኞችን አስመስሏቸዋል። ያገሬ ሰው ይህን ለማየት ፍሎረንስ መሄድ አያስፈልገውም፤ የንግሥ ቀን የየትኛውም ደብር ደጀ ሰላም ይበቃዋል።

እዚያ ሳፒያ የምትባል የሲዬና ሴት ታወራለች። የገዛ አገሯ ሰዎች በጦርነት ሲሸነፉ አይታ ደስ ያላት ሴት ናት። ንስሐ የገባችው ሕይወቷ ሊያልቅ ሲል ነው። ታዲያ እንዴት በሩን አለፍሽ? አንድ ማበጠሪያ ሻጭ በጸሎቱ አሰባት። ፒየር ፔቲናዮ ይባላል። ንጉሥ አይደለም፣ ጳጳስ አይደለም፣ ማበጠሪያ ሻጭ። በሰው ላይ ስትስቅ የኖረች ሴት በሰው ጸሎት ወጣች። ቅጣቱም ያው ነው፤ የሌላውን ደኅና ማየት ያልቻሉ ሰዎች አሁን ያለ ሌላው ትከሻ መቀመጥ አይችሉም። ዳንቴ ተንኮለኛ ነው።

ሃያ ሦስተኛው ካንቶ ላይ ደግሞ የድሮ ጓደኛው ፎሬዜ ይመጣል፤ በ1296 የሞተ። ከስቶ ከስቶ ፊቱ አይታወቅም፤ ዳንቴ የለየው በድምፁ ነው። ይገረማል። አንተ ንስሐ ያዘገየህ ሰው፣ ከሞትክ ገና አምስት ዓመት አልሞላህም፣ እታች ትጠብቃለህ ብዬ ነበር፣ እንዴት እዚህ ደረስክ? ይለዋል። መልሱ አጭር ነው። ኔላዬ ናት፣ በእንባዋ። ሚስቱ። ባሏን ቀብራ ዝም አላለችም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ፤ መጠየቁ አይቀርማ። አንድ የማኅበራችን ሰው መጽሐፉን ቦርሳዬ ውስጥ አይቶ «የካቶሊክ ትምህርት ታነቢያለሽ?» ብሎኛል። አዎ፣ የካቶሊክ ነው። ነፍስ ከሞት በኋላ በቅጣት የምትነጻበት ቦታ አለ የሚለው ትምህርት የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ1274 የሊዮን ጉባኤ ነፍሳት ከሞት በኋላ እንደሚነጹ ሲነገር ዳንቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ዣክ ለ ጎፍ የተባለ ፈረንሳዊ የታሪክ ሊቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ቦታ ተደርጎ መታሰብ የጀመረው በ12ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ነው ይላል። የኛ ቤተ ክርስቲያን ይህን አትቀበልም። ፍትሐቱ፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ግን አለን። የሞተውን ማሰብ ጥቅም የለውም ብሎ ተዝካር የተወ አላውቅም፤ ገንዘብ አጥሮት የተወ እንጂ። ስለዚህ ሥፍራውን ሳልቀበል ልመናውን መስማት እችላለሁ። ደግሞ ዳንቴ መጽሐፈ ቅዳሴ አልጻፈም፤ ግጥም ነው። ከተራራው ሥር የቆመው ጠባቂ ካቶ ነው፤ ክርስቲያን ያልሆነ፣ ራሱን ያጠፋ ሮማዊ። ይህን የትኛው ቄስ ያስተምራል?

አሁን ስለ ጉድለቱ። ሃያ አምስተኛው ካንቶ ላይ ፅንስ በማሕፀን እንዴት እንደሚፈጠር ረጅም ትምህርት አለ። ዝለሉት። ስድስተኛው ላይ ዳንቴ ጣሊያንን ይሰድባል፤ ስድቡ ጥሩ ነው፣ ስሞቹ ግን ያደክማሉ። መጨረሻ አካባቢ ሠረገላው፣ አውሬው፣ ሰልፉ ሲመጣ ሲኞራም እንቅልፍ ወሰዳቸው፣ እኔም ማብራሪያው ጠፋብኝ። እዚያው መሀል ግን ሠላሳኛው ካንቶ ላይ ቨርጂል ሳይሰናበት የሚጠፋበት ቦታ አለ። ዳንቴ አንድ ነገር ሊለው ዘወር ሲል የለም። ያንን አትዝለሉ።

እትሙን በተመለከተ፦ ፊደሉ ለዓይን ጠላት ነው። ማታ በአልጋ መብራት የሚነበብ አይደለም። ከሃያኛው ካንቶ በኋላ ያሉ ገጾች እየተነቀሉ ነው፤ በጎማ ክር አስሬ ነው የማኖረው። ከኋላ ያለው የተራራው ሥዕል ግን ወርቅ ነው። የትኛው እርከን የት እንደሆነ፣ ማን የት እንደተቀመጠ ባንድ ገጽ ያሳያል። ያገለገለ ስትገዙ ይህ ገጽ መኖሩን አይታችሁ ግዙ፤ ተማሪዎች ይቀዱታል፣ አንዳንዴም ይገነጥሉታል።

ጣሊያንኛ ለማትችሉ፣ አሜሪካዊው ባለቅኔ ሎንግፌሎ በ1867 ያሳተመው የእንግሊዝኛ ትርጉም የባለቤትነት መብቱ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ቋንቋው ጥንታዊ ነው፣ ይከብዳል፤ ማብራሪያ ያለው አዲስ ትርጉም የሚገዛ ገንዘብ ካለ ያ ይሻላል። ጣሊያን ላላችሁ ግን እንደኔ የተማሪ እትም ፈልጉ፤ ከአዲሱ ርካሽ ነው፣ ማብራሪያውም ለሰው ልጅ እንዲገባ ተብሎ የተጻፈ ነው። ከመጀመሪያ ገጽ አትጀምሩ። አምስተኛውን አንብቡ፣ ከዚያ ሦስተኛውን፣ ከዚያ ሃያ ሦስተኛውን። ካልያዛችሁ መልሳችሁ ሽጡት፤ ፖርታ ፖርቴዜ ላይ 5 ዩሮ አያጣም።